የሚጡ ድስት

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ውሻ ናቸው። ይገርመኛል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ወሎ ውስጥ ለውሻ ብሎ ሐኪም የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላየሁም። ውሻ የተረፈውን ይበላል፣ በር ይጠብቃል፣ አለቀ። ዛሬ ሶፋ ላይ የምትተኛ ውሻ መጣችና እኔም ከበሬና ከበግ ወጥቼ ድስት ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። የቀሩት እሱን ተከትለው ይቀላሉ።

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ሚጡ የምትባል የ4 ዓመት ውሻ አለችኝ። ነጭ፣ ጸጉራም፣ ትንሽዬ ናት። የፈረንጅ ውሻ ዲቃላ ናት ብለው ነው የሰጡኝ። 5 ኪሎ ትመዝናለች። ወንድሜ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር በከረጢት የታሸገ ደረቅ ምግብ ያመጣላት ነበር። ዋጋው ጣሪያ ነካ፣ እሱም መመላለሱን ተወ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እኔው ቀቅዬ ነው የማበላት። ጮማው የወጣለት ቀይ ሥጋ ከነጭ ሩዝ ጋር። ከራሴ አፍ ነጥቄ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ደግሞ እየበላ ጉርሻ ይጥልላታል። በሁዳዴ አማቴ ‹በጾም ቤቴ ውስጥ ሥጋ አይቀቀልም› ስላሉ 55 ቀን ሙሉ ሽሮ በእንጀራ በልታ ነው የከረመችው። አሁን ጸጉሯ ደርቋል። ትታከካለች። ሶፋ ላይ እመር ብላ የምትወጣው ልጅ አሁን ሥሩ ቆማ ታየኛለች። አንዱ ‹ሥጋ ጨምሪላት› ይለኛል፣ ሌላው ‹ሥጋ ነው የጎዳት› ይለኛል። የቱን ልስማ? ምን ልቀቅልላት? — የሚጡ እናት»

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ሁለቱም ሰዎች ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ሚጡ ሥጋ አላነሳትም። ሥጋም አልጎዳትም። የጎዳት ሥጋው ብቻውን መምጣቱ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው፣ ሥጋ መርማሪ ሆኜ። ያኔ ሻምበል የምለው ቡችላ ነበረኝ። ሥጋ በየቀኑ ይበላል። ንጹሕ ቀይ ሥጋ፣ ሌላ ነገር የለም። የሰፈር ሰው «ውሻው ከኛ የተሻለ ይበላል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። በ4 ወሩ የፊት እግሮቹ እንደ ቀስት ጎበጡ። አንድ ቀን ከበረንዳው ደረጃ ዘሎ ወረደና እግሩ ተሰበረ። ደረጃው ሦስት እርከን ነው! የእንስሳት ሐኪም ነኝ እኮ። ፈተና ላይ የመለስኩት ጥያቄ ቤቴ ውስጥ አድጎ አላወቅኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ ሥጋ ውስጥ ፎስፎረስ ሞልቷል፣ ካልሲየም ግን የለም በይው። ለአንድ እጅ ካልሲየም 20 እጅ ገደማ ፎስፎረስ ነው ያለው። ጉበት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ውሻ የሚያስፈልጋት ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ቢያንስ እኩል፣ ቢበዛ እጥፍ ሲሆን ነው። ሩዝም አይረዳሽም፣ እሱም ካልሲየም የለውም። ታዲያ ደም ውስጥ ካልሲየም ሲጎድል ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንገት ላይ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ ካልሲየሙ ከአጥንት ይሸረሸራል። የደሙ ሒሳብ ይሞላል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ለዚህ ነው የደም ምርመራ ደህና ሆኖ ውሻዋ የምታነክሰው። ቡችላ ላይ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። እንደ ሚጡ ያለች ትልቅ ውሻ ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ሶፋው ሥር መቆሟ የግድ ከዚህ ነው አላልኩም። ትንንሽ ውሾች የጉልበታቸው ሎሚ ከቦታው እየሸሸ ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ ድስቱን ከማስተካከልሽ በፊት እግሯን በእጁ የሚዳብስ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ለመታከኳም መጀመሪያ ቁንጫ ፈልጊ። ጅራቷ ሥር ጸጉሩን ገለጥ አድርጊው። ጥቁር ብናኝ ካየሽ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፊው። ቀይ ካወጣ የቁንጫ ኩስ ነው። ቁንጫ ከሌለ የጸጉሩ መድረቅ ከምግቡ ሊሆን ይችላል። ጮማው የወጣለት ሥጋና ነጭ ሩዝ ቆዳ የሚፈልገውን የዘይት ዓይነት አይሰጡም። አንቺ ጮማውን ያወጣሽው ለጤናዋ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ድስቱ። የምነግርሽ የሳምንት ነው፣ ለ5 ኪሎ ውሻ። በየቀኑ መቀቀል ያሰለቻል፤ ሰው ሲሰለች ደግሞ ያው ወደ ሥጋና ሩዝ ይመለሳል።

700 ግራም ሥጋ ግዢ። ትንሽ ጮማ ያለበት ይሁን፣ ሙልጭ ያለ ቀይ አይሁን። ፍርምባ ተፈጭቶ ይበቃል፣ የሽንጥ ዋጋ አትክፈይ። 70 ግራም ጉበት ጨምሪ። 70 ግራም የእጅሽን መዳፍ አያክልም። «ጉበት ደም ይሠራል» ብለሽ እንዳታበዢው። ቫይታሚን ኤ ሰውነቷ ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛ መልሶ አጥንት ይጎዳል። ሁለት እንቁላል። 200 ግራም ደረቅ ሩዝ፣ በቡና ሲኒ ሦስት ገደማ። ሩብ ኪሎ ዱባ ወይም ካሮት። ቆስጣውን ለራሳችሁ ተዉት፣ ካልሲየሙን ይዞ ይወጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። የኑግ ዘይት ካገኘሽ እሱ ይሻላል። ቆዳና ጸጉር የሚፈልገው ሊኖሌይክ አሲድ ኑግ ውስጥ ሞልቷል፤ እኛ ቤት ያለ ሀብት ነው። የሱፍ ዘይትም ይሆናል። አዮዲን ያለበት ጨው ቁንጥር፣ ከዚያ በላይ አይሁን።

ከሁሉም በላይ ግን የሁለቱን እንቁላል ቅርፊት እንዳትጥዪ። እሱ ነው ሻምበል ያጣው።

ቅርፊቱን እጠቢው፣ 10 ደቂቃ ቀቅይው፣ ምጣድ ላይ አድርቂው። ሙቀጫ ውስጥ ውቀጪና በወንፊት ንፊው። የቡና መፍጫ ካለሽ ይፈጥናል። ጣትሽ መካከል ስታሺው እንደ ዱቄት ልሞ መገኘት አለበት። የሚቆረቁር ከሆነ ገና ነው፣ መልሰሽ ውቀጪው። ለሳምንቱ ድስት የሚበቃው 8 ግራም ነው። በሻይ ማንኪያ፣ አፉ ላይ ተስተካክሎ፣ አንድ ተኩል ገደማ። የሁለት እንቁላል ቅርፊት ይህንኑ ያህል ይወጣዋል። ውስጡ ያለው ንጹሕ ካልሲየም 3 ግራም ገደማ ነው። የሥጋውን፣ የጉበቱንና የሩዙን ፎስፎረስ ደምረን ስናየው ወደ 2 ግራም ይሆናል። ሦስት ለሁለት፣ ሚዛኑ ገባ። «ካልሲየም ጥሩ ነው» ብለሽ አራት ቅርፊት እንዳትጨምሪ። ሲበዛም ዚንኩን ከአንጀት እንዳይገባ ያግደዋል፤ ያኔ ቆዳዋ ይብስበታል።

አቀቃቀሉ ቀላል ነው። ሩዙን ለብቻ፣ ከምትበሉት ትንሽ ለስለስ አድርጊው። ሥጋውን፣ ጉበቱንና ዱባውን በትንሽ ውሃ አብስይ። መረቁን አትድፊው፣ ቫይታሚን ቢ ሟሙቶ እሱ ውስጥ ነው ያለው። እንቁላሉን አፍርጠሽ ጨምሪ፤ በደንብ ይብሰል። ድስቱን አውርደሽ ሲበርድ ዘይቱን፣ ጨውንና የቅርፊቱን ዱቄት አማስይበት። ከዚያ ሰባት ቦታ ክፈይው። ሚዛን ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለ ሰባት እኩል ዕቃ ይበቃል። የሁለት የሦስት ቀኑን ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ። ደሴ ብርድ ነው ብለሽ ደጅ አታሳድሪው። መብራት ሄዶ ያደረ ፍሪዘርም አትመኚ፤ ከቀለጠ መልሰሽ አታቀዝቅዢው። የቀኑን ድርሻ ጠዋትና ማታ ብለሽ ለሁለት ክፈይላት።

«በዚህች ታድራለች?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ይህ በቀን 340 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። እኛ ስናሰላ የውሻዋን ኪሎ በ0.75 ኃይል አንስተን በ70 እናባዛለን። ለ5 ኪሎ 234 ይመጣል፣ አርፋ ብትተኛ የምታቃጥለው ነው። ቤት ውስጥ ለምትውል ውሻ ያንን በ1.4 ወይም በ1.6 ማባዛት ይበቃል። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ላንቺ ምንም አይደለም። ለሚጡ የቀኗ ሲሶ ሊሆን ምንም አይቀረው።

በወር አንድ ጊዜ መዝኛት። መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ አቅፈሻት ውጪ፣ ቀንሺ። ጎኗንም ዳብሺ። ጡጫሽን ጨብጠሽ የጣቶችሽን አንጓ ዳብሺው፤ የጎድን አጥንቷ እንደዚያ ከቆረቆረሽ ከስታለች። መዳፍሽን ገልብጠሽ የጣቶችሽ ሥር ያለውን ሥጋ ዳብሺው፤ እንደዚያ ከሆነ ወፍራለች። እጅሽን ዘርግተሽ ጀርባውን ስትነኪ የሚሰማሽ ነው ልኩ። በዚህ እየለካሽ ጨምሪ፣ ቀንሺ።

የሥጋው ዋጋ አይደለም ለውሻ፣ ለሰውም ከብዷል። እውነቱን እንነጋገር። ከ700 ግራሙ 300ውን በ150 ግራም ደረቅ ምስር ልትተኪው ትችያለሽ። ጉልበቱ እኩል ነው የሚመጣው። ምስሩ ያለ ሽንኩርት፣ ሙክክ ብሎ ይቀቀል። ውሻ ከተኩላ ዘር ትሁን እንጂ ከሰው ጋር ስትኖር ስታርች መፍጨትን ለምዳለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የዘር ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ስታርች የሚፈጨው ጂን ውሻ ላይ ከተኩላ ብዙ ጊዜ ተባዝቶ ነው የተገኘው። ሩዙንም ብትፈልጊ በ900 ግራም የተላጠ ድንች ተኪው፤ አረንጓዴ የሆነውን ግን ጣዪው። ጓያ ግን ድስቷ ውስጥ አይግባ። ወሎ ውስጥ ጓያ በሰው እግር ላይ ያደረገውን የማያውቅ የለም።

ሐይቅ ቅርባችሁ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዓሣ ሲመጣ በሳምንት አንድ ቀን የሥጋውን ድርሻ በዓሣ ለውጪላት። ቀቅለሽ እሾሁን አንድ በአንድ ልቀሚ። ችኮላ ካለብሽ ያን ቀን ዓሣ አትስጪ። ዓሣ ቫይታሚን ዲ አለው። ውሻ እንደኛ ፀሐይ ሞቃ በቂ ቫይታሚን ዲ አትሠራም፣ ከምግብ ነው የምታገኘው።

እዚህ ላይ የማልደብቅሽ ነገር አለ። ይህ ድስት ሚጡ አሁን ከምትበላው በብዙ ይሻላል እንጂ ሙሉ አይደለም። አዮዲን፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቫይታሚን ዲ ይጎድሉታል። ጨው አብዝቼ አዮዲኑን ልሙላ ብትዪ በጨው ነው የምትገድያት። በዚያው በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በመጻሕፍትና በድረ ገጾች የወጡ 200 የቤት የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው ነበር። ከመቶው 95ቱ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኙ። ብዙዎቹ የተጻፉት በሐኪሞች ነበር፤ እኔ ከእነሱ አልበልጥም። ስለዚህ ወንድምሽን ያንን ከባድ ከረጢት ከማሸከም ይልቅ ለቤት ምግብ ማሟያ የተሠራ የውሻ ቫይታሚንና ማዕድን ዱቄት ከአዲስ አበባ የእንስሳት መድኃኒት ቤት እንዲያመጣልሽ ላኪው። አንዱ ቆርቆሮ ለትንሽ ውሻ ወራት ይቆያል። ካልሲየም ያለበት ከሆነ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ የቅርፊቱን መጠን እንቀንሳለን። የሰው ቫይታሚን ዲ ጠብታ ግን በግምት አትስጫት። ሲበዛ ኩላሊት ይገድላል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ጉርሻ። ይህን አንቀጽ ለእሱ አንብቢለት።

ወንድሜ፣ የወሎ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። መብሰሉ አያድነውም። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሟን ለመጉዳት ይበቃል። ለሚጡ 75 ግራም ማለት ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት። «እኔ አንድ ጉርሻ ነው የምሰጣት» ትላለህ። ወጡ ውስጥ ግን ሽንኩርቱ ቀልጦ ጠፍቷል እንጂ አልሄደም። ትንሽ ትንሹም በየቀኑ ከሆነ ይጠራቀማል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከቀዩ ይበረታል። ድድዋ ከገረጣ፣ ሽንቷ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ለነገ የሚባል ነገር የለም፣ ሐኪም ጋ ነው። ካላጎረስኩ አንጀቴ አይችልም ካልክ ከራሷ ዕቃ አንድ ማንኪያ ቀንሰህ ማዕድ ላይ አጉርሳት። እሷ የምትፈልገው አንተ ስታጎርሳት ነው፣ ወጡን አይደለም።

እህቴ፣ የሁዳዴው ሽሮም ያው ነው። የሽሮ ዱቄት ገና ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ላዩ ላይ ቁሌት ተጨመረ። 55 ቀን። ጸጉሯ ቢደርቅ አይገርመኝም።

አማትሽን ግን አታስቀይሚ። ልክ ናቸው፤ ቤቱ የጾም ቤት ነው። ውሻ ደግሞ አትጾምም። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ከቅበላ በፊት የሁለት ሳምንቱን ቀቅለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ ላለው የራሷ ድስት፣ የራሷ ማማሰያ፣ ጓሮ ከሰል ምድጃ ላይ። ሥጋውን ከየት ብለሽ አትጨነቂ። ደሴ ውስጥ በጾም ልኳንዳ ሁሉ አይዘጋም፤ የሙስሊሞቹ ክፍት ነው። ያም ካልሆነ ሙስሊም ጎረቤት የላትም የምትባል ደሴዬ አላውቅም። «ለሚጡ ነው» በያቸው፣ ያበስሉልሻል። የውሻዋን ዕቃ ግን እነሱ ቤት አትውሰጂ፤ በጋራው ቧንቧም ከእነሱ ሰሃን ጋር አብረሽ አትጠቢ። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ለእነሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ባዶ ንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ይዘሽ ሂጂ፣ ሞልተው ይሰጡሻል። እኔ የምኖርበት ግቢ እንዲህ ነው የምንኖረው።

አዲሱን ምግብ በአንድ ቀን አትቀይሪባት፣ ያስቀምጣታል። በሰባት ቀን ውስጥ ከአሮጌው እየቀነስሽ አዲሱን ጨምሪ። ጸጉሯን ከሁለት ወር በፊት አትጠብቂ። የሐኪሙን ቃልና ክብደቷን ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ «ከኮምቦልቻ ነው። የ2 ወር ትንሽ ቡችላ ገዛሁ። ወተት በዳቦ እየሰጠሁት ነው። ለትልቅ ውሻ የሚሠራውን ምግብ በትንሹ ብሰጠው ይሆናል?»

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። ከላይ ያለውን ድስት ለሚጡ ነው የሠራሁት። ቡችላ አጥንት እየገነባ ነው፤ ካልሲየሙም ፎስፎረሱም ከትልቅ ውሻ በላይ ያስፈልገዋል። የፕሮቲኑ ዝቅተኛ ልክ እንኳ ይለያያል። ለትልቅ ውሻ ከደረቁ ምግብ 18 ከመቶ ሲሆን ለቡችላ 22.5 ከመቶ ነው። ስህተቱ ደግሞ ቶሎ ይታያል፣ ሻምበልን አስታውስ። ገንዘብህን አንድ ቦታ ላይ የምታወጣ ከሆነ ቢያንስ 10 ወር እስኪሞላው ለቡችላ የተሠራ የታሸገ ምግብ ግዛለት። ከዚያ በኋላ ድስት እንነጋገራለን። አሁን በቀን አራት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ ስጠው። ትንንሽ ዝርያዎች ቡችላ ሳሉ ረጅም ሰዓት ከጾሙ የደም ስኳራቸው ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ። ጠዋት እንዲህ ሆኖ ካገኘኸው ድዱ ላይ ማር ቀባና ወደ ሐኪም ሩጥ። የላም ወተቱን ተወው። ተቅማጥ ነው ትርፉ።

ጥያቄ፦ «መርሐባ ዶክተር። ከወልዲያ ነው። ለዓረፋ በግ ስናርድ ሳንባና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ስናገኝ ለውሻ እንወረውራለን። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። አንድ ሰው ነውር ነው አለኝ። ለምን?»

መልስ፦ መርሐባ። ሰውየውን አመስግንልኝ። ይህ ከምግብ ጥያቄ በላይ ነው።

ያ ውሃ የቋጠረ ነገር የትል ቤት ነው። ውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ የትል ጭንቅላቶች አሉ። ውሻ ጥሬውን ስትበላው አንጀቷ ውስጥ ያድጋሉ። ትሏ ትንሽ ናት፣ 1 ሳንቲ ሜትር አትሞላም። ውሻዋ ላይ ምንም አይታይም፤ ወፍራ፣ ጅራቷን እየቆላች ትሄዳለች። እንቁላሉ ግን ከኩሷ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሯ ላይ ይቀራል። ልጅህ ይዳብሳታል፤ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይቆርሳል። ከዓመታት በኋላ ያ ውሃ የቋጠረው ነገር በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይገኛል። ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ሥጋ መርማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ሳንባ ስቆርጥ ስቆርጥ ነው የዋልኩት፤ ከቄራው አጥር ውጭ ውሾች ተሰልፈው ሲጠብቁ አያቸው ነበር። አጥሩ ቀዳዳ ነበረው።

የቋጠረውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው ወይም አቃጥለው። ውሻ መቆፈር ትችላለችና ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንበት። ደህና የሚመስለውን ጉበትም ቢሆን ለውሻ ስትሰጥ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፍላ። ውሾቻችሁ ደግሞ በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል ይዋጡ። ተራ የአንጀት ትል ክኒን ይህችን ትል ላይገድል ስለሚችል ስሙን ጠርተህ ግዛ። ክኒኑ በውሻዋ ክብደት ነውና መዝነህ ሂድ። የእብድ ውሻ ክትባቱንም በዚያው ጠይቅ፣ በየዓመቱ ነው።

አጫጭር

«የበዓል ድፎ ሊጥ ሲቦካ ውሻችን ገለበጠችና በላች፣ ሆዷ ተነፋ» ላላችሁት የመርሳ ቤተሰብ፦ ደብዳቤያችሁ ሲደርሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ዳነች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥሬ ሊጥ ሆድ ውስጥ መቡካቱን ይቀጥላል። ጨጓራዋን ይነፋል፣ አልኮልም ይሠራል፤ እንደ ሰካራም ስትንገዳገድ ካያችኋት ለዚያ ነው። ይህን ለመጠየቅ ደብዳቤ አይጻፍም፣ ወደ ሐኪም ይደወላል።

«ቡና ስናፈላ ከቆሎው እንሰጣታለን» ላልሽው፦ ገብስ ቆሎ ሁለት ሦስት ፍሬ አይጎዳትም። ዘቢብ የተቀላቀለበት ግን አንድም እንዳታስቀምሻት፣ ኩላሊቷን ሊያቆመው ይችላል። የቡናው አተላም፣ ቸኮላትም፣ አቮካዶም አይሰጥ። እግረ መንገዴን፣ በርጫ ላይ የሚቆዩ ወንድሞች ገራባውን መሬት ላይ አትበትኑ። ትንሽ ውሻ ከበላችው ልቧ እንደ ከበሮ ይመታል።

«አጥንት የውሻ ሐቅ አይደለም ወይ?» ላሉት የኩታበር አባት፦ ነበር አባቴ። የተቀቀለ አጥንት ግን እንደ እንጨት ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል፣ የዶሮው ደግሞ ይብሳል። የእርስዎ ውሻ 30 ኪሎ ቢሆንና 12 ዓመት ሙሉ ሲቆረጥም ኖሮ ምንም አልሆነም ብለዋል፤ አምኛለሁ። የልጅ ልጅዎ ውሻ ግን 4 ኪሎ ነች። ለእሷ የእንቁላል ቅርፊቱን ይውቀጡላት።